ወፍ ያልዘራው ወይራ

ዓቢዳን የሚያውቋት የመርሳ ሰዎች ስለ እሷ ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚያነሱት እርጎዋን ነው። ወዲያው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሷ እምቢ ካለች ግን አለቀ!» ይላሉ። እምቢታዋ ከእርጎዋ በፊት የመጣ ነው። ገና ለጋ ልጅ ሳለች አባቷ ለአንድ ባለ ብዙ ከብት ጎልማሳ ሊድሯት ቃል ሰጡ። ድግሱ ተደግሶ፣ ሙሽራው ከነአጃቢዎቹ ደጅ ሲደርስ ሙሽሪት የለችም። በጓሮ ወጥታ፣ ወንዝ ተሻግራ፣ ግራና ከተማ፣ አክስቷ ቤት ገብታለች። አባቷ ተከትለው ሄደው ለመኗት፣ ተቆጧት፣ በመጨረሻም ዱላ አነሱባት።

«አባዬ፣ ይግደሉኝና ሬሳዬን ይዳሩለት። በእግሬ ሄጄ ግን አልገባለትም» ብላ መሬት ላይ ዘርፈጥ አለች። አባቷ ሲታክታቸው ዱላቸውን ይዘው ተመለሱ።

የወደደችውን ሰው ያገኘችው እዚያው ግራና ገበያ ላይ ነው። አብዱልሐሊም ጋሪ ነጂ ነበር። ሀብቱ አንድ ፈረስ፣ አንድ ጋሪና ማለቂያ የሌለው ጨዋታ ነው። ተጋብተው መርሳ ዳር፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ከፍ ብላ ባለች ቦታ ቤት ቀለሱ። እሱ ጭነት ያመላልሳል፤ እሷ ላም አርብታ እርጎ ትሸጣለች። ቅሉን በወይራ ጭስ ደጋግማ አጥና ነው ወተቱን የምታረጋው፤ ገበያተኛው ገና ክዳኑ ሲነሳ በጠረኑ ያውቀዋል።

«ጭንጫ መሬት አገባሁ!» እያለ ባሏ ይቀልድባታል። «ቢያርሱት አይለሰልስ፣ ቢያጠጡት አይረጥብ!»

«ጭንጫ ላይ የቆመ ቤት ጎርፍ አይወስደውም» ትለዋለች እሷም።

አንዲት ልጅ ወለዱ፤ ሲቲ አሏት። ሲቲ አድጋ ወልድያ አገባች፣ እዚያው የልብስ ሱቅ ከፈተች። ብዙም ሳይቆይ አብዱልሐሊም ኩላሊቱን ታመመ። ደሴ ድረስ ወስደው አሳከሙት፤ አልዳነም። በአገሩ ልማድ ሴት ቀብር አትወጣምና፣ ወንዶቹ ቃሬዛውን ተሸክመው ወደ ኮረብታው ሲወጡ ዓቢዳ ደጇ ላይ ቆማ በዓይኗ ሸኘችው። ማታ ላይ የባሏ ታላቅ ወንድም ሐጂ ሙሐመድዘይን ተመልሰው መጡ።

«የት አስተኛችሁት፣ ሐጂ?»

«ከትልቁ ወይራ ሥር። በምሥራቁ በኩል።»

ከዚያ ወዲያ ያ ወይራ የእሷ ሆነ። ከደጇ ቀና ስትል ኮረብታው ጫፍ ላይ፣ ከሌሎቹ ዛፎች ሁሉ በላይ ክንፉን እንደዘረጋ ዶሮ ተንሰራፍቶ ይታያታል። ላም ስታልብም፣ ቅል ስታጥንም፣ ቀና ብላ ታየዋለች፤ ከንፈሯን አንቀሳቅሳ ዱዓ ታደርጋለች፤ አንዳንዴም ማንም እንደማይሰማት ስታውቅ ውሎዋን ታወራዋለች። ወንዶቹ የመቃብሩን ድንጋይ ያውቃሉ። እሷ የምታውቀው ዛፉን ብቻ ነበር።

የሰሜኑ ጦርነት ወደ መርሳ በወረደ ጊዜ ሕዝቡ በእግሩም በመኪናውም ወደ ደሴ ነጎደ። ዓቢዳም ከሲቲ ጋር ተሰደደች። ከወራት በኋላ ስትመለስ ቤቷ ተዘርፎ፣ ቅሎቿ ተሰባብረው አገኘች፤ ላሞቿ የት እንደገቡ አይታወቅም። ይህን ሁሉ አየችና የቅሎቿን ስባሪ ትጠርግ ጀመር። ደጇ ላይ ወጥታ ቀና ስትል ግን መጥረጊያዋን ጥላ ቆመች። ኮረብታው ተላጭቷል። አንድ ዛፍ የለበትም።

ማን እንደቆረጠው የጠየቀችው ሁሉ የተለያየ መልስ ሰጣት። አንዱ ወታደር ነው አለ፤ አንዱ ከሰል አክሳይ ነው አለ፤ ሌላው ደግሞ፣ «መብራት የለ፣ ጋዝ የለ፣ ቀርቶ የከረመው ሰው ምን አንድዶ ይብላ?» አላት። ሐጂ ሙሐመድዘይን ኮረብታው ላይ ወጥተው አይተው ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ድንጋዩም ተነቃቅሏል» አሉ። «ወንድሜን ከጎረቤቱ መለየት አልቻልኩም። አላህ ያውቀዋል እንግዲህ።»

አላህማ ያውቀዋል። ዓቢዳን ያንገበገባት፣ እሷ አለማወቋ ነው።

ሐጂ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ የመቃብሩ ኮሚቴም ሰብሳቢ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለዓቢዳም ከስደት መልስ አንዲት ጊደር የሰጧት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን እህል ልትሸምት መደብራቸው ስትገባ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«የመቃብሩን ነገር ጨርሰናል» አሏት። «ባሕር ዛፍ እንተክልበታለን። ቶሎ ይደርሳል፤ ተሽጦም አጥር ይሆነናል።»

«የነበረበት እኮ ወይራ ነው፣ ሐጂ። ወይራ ነው ሊመለስበት የሚገባው።»

ሐጂ ሳቁ። «ከየት አምጥተሽ? ወይራ በሰው እጅ አይበቅልም። ወፍ በልቶ፣ በርሮ፣ ከላይ የጣለው ነው የሚበቅል። አባቶቻችንም ወይራ ሲዘሩ አላየንም።»

«ወፍ ከኔ በምን ይበልጣል?»

«ይበርራላ!»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ዓቢዳ አልሳቀችም። ቁናዋን አንስታ እህሉን ወደ ከረጢቷ ገለበጠችና፣ «እንግዲያው እኔ አልበርም፤ እዚሁ ነኝ። ታዩታላችሁ» ብላ ወጣች።

መጀመሪያ ዘሩ ከየት ይምጣ የሚለው ነበር። ወይራ የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ዓቢዳ ከልጅነት ጎረቤቷ ከመልካሙ ዘንድ ሄደች። መልካሙ ብረት በያጅ ነው፤ መርሳ መኪና ማቆሚያው አጠገብ የበርና የመስኮት መሥሪያ ቤት አለው። ነገሯን ሰምቶ ሲጨርስ፣ «ቄሱን ጠይቄ እለቅምልሻለሁ» አላት፤ ፍሬው ሲጠቁርም አንድ ከረጢት ሙሉ አመጣላት። ዓቢዳ የፍሬውን ሥጋ በአሸዋ አሽታ አጠበች፣ የጠነከረውን ዘር በጥላ አደረቀች። የዘይት ጀሪካን እየቆረጠች፣ ጣሳ እየበሳች፣ አፈርና ፍግ ሞልታ ዘራችው። ጠዋት ጠዋት አጠጣች። ወር አለፈ፤ ሌላው ወር ተከተለ። ከጣሳዎቹ ውስጥ አረም በቀለ፣ የቲማቲም ችግኝ በቀለ፣ ወይራ ግን አልበቀለም። ቆፍራ ብታየው ዘሩ እንደ ዘራችው፣ እንደ ጠጠር፣ ቁጭ ብሏል።

በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ዘዴ ሞከረች። የግራርን ዘር የፈላ ውሃ ሲያፈሱበት እንደሚነቃ ሰምታ ነበርና የወይራውንም ቀቀለችው። ይኼኛው ጭራሽ በሰበሰ። ወፍ በልቶ የጣለው ይበቅላል ከተባለ ዶሮም ወፍ ናት ብላ ደግሞ ፍሬውን ለዶሮዎቿ ሰጠች። ዶሮዎቹ ጥቂቱን በሉ፣ የቀረውን በተኑት። ዓቢዳ ጎንበስ ብላ በስንጥር ኩሳቸውን ስትበትን ጎረቤቶቿ አዩና ከተማው ወሬ አገኘ።

«ዓቢዳ አፈር ታጠጣለች» ይሉ ጀመር። ገበያ ላይ እርጎ የሚገዟት ሴቶች እንኳን፣ «ወይራሽ እንዴት አደረ?» እያሉ ይሳለቁባታል።

«ተኝቷል፤ እናንተን ነው የመሰለው» ትላቸዋለች፤ እርጎውን ግን ሳታጎድል ትቀዳላቸዋለች።

ባሕር ዛፉም እስከዚያ ድረስ አልተተከለም ነበር። መንገዱ ሰላም ሲያጣ፣ የኮሚቴው ሰው ሲበታተን፣ ነገሩ ከክረምት ወደ ክረምት ተንከባለለ። በዚህ መሀል ዓቢዳ አንድ ጠዋት ጥቂት ዘር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሚኒባስ ተሳፈረችና በሲሪንቃ በኩል ወዳለ አንድ የችግኝ ማፍያ ጣቢያ ወረደች። ቃልኪዳን የምትባል ባለሙያ አገኘች። ልጅቷ ቦቲ ጫማዋን ጭቃ አልብሳ መደብ ስትኮተኩት ነበር። ዓቢዳ ቋጠሮዋን ፈትታ ዘሩን መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት።

«ልጄ፣ ይኼን ግትር እንዴት አድርጌ ላንቃው?»

ቃልኪዳን ዘሩን በጥርሷ ነከስ አድርጋ ሳቀች። «ወይራ ነው! እማማ፣ ይኼ ጋሻ ለብሶ ነው የተኛው። ውሃ አይገባውም። ቅርፊቱ መሰንጠቅ አለበት።»

«በመዶሻ ልሰንጥቀው?»

«መዶሻ ውስጡን ይጨፈልቀዋል። ውስጡ ከተነካ ሞተ ማለት ነው። ቀስ ብሎ በሚያጣብቅ ነገር፣ ቀጭ እስኪል ብቻ ነው። ከዚያ ውሃ ውስጥ ይደር፣ ይዋል፤ ከዚያ በአሸዋ የላላ አፈር ውስጥ ይዘሩት። ፀሐይ አያግኘው። እርጥበቱም አይጉደል፣ አይብዛም። ይኼም ሆኖ ይቆይብዎታል፤ ተስፋ እንዳይቆርጡ።» ትንሽ አሰብ አደረገችና ጨመረችበት፤ «እኛም እዚህ ችግኙን አፍልተነው ነበር። የሚወስደው ሰው ግን የለም፤ ሁሉም ቶሎ የሚደርሰውን ነው የሚጠይቀን። እርስዎ ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ባሌ እላዩ ላይ ጥላ አጥቷል» አለች ዓቢዳ።

ቃልኪዳን መኮትኮቻዋን አስቀመጠች። ስትሸኛት ፕላስቲክ ከረጢቶች ሰጠቻት፤ አፈሩን ከምን ከምን እንደምታደባልቅም መደቡ ድረስ ወስዳ በእጇ እያፈሰች አሳየቻት።

ዓቢዳ ከሚኒባሱ እንደወረደች ቤቷ ሳትገባ ወደ መልካሙ ቤት አቀናች። ያን ቀን መብራት ጠፍቶ ስለነበር መልካሙ ብየዳውን ትቶ ደጁ ላይ ተቀምጧል። በዓይኗ ቤቱን ስታስስ፣ ጠረጴዛው ጥግ ላይ የተተከለችውን፣ ብረት ነክሳ የምትይዘውን ሞርሳ አየች።

«ያቺ ነገር ቀስ ብላ ትነክሳለች?»

«እንዳዘዝሻት ናት።»

«እንግዲያው ተነስ፤ ሥራ አለህ።»

መልካሙ አንዷን ዘር በሞርሳው መንጋጋ መሀል አስገብቶ እጀታውን ማዞር ጀመረ። የመጀመሪያዋ ተጨፈለቀች። ሁለተኛዋ ተፈናጥራ የት እንደገባች ጠፋች። ዓቢዳ ገፋ አደረገችው። «ቆይ፣ የአንተ እጅ ብረት ነው የለመደ» አለችና እጀታውን ራሷ ያዘች። ጆሮዋን አስጠግታ ቀስ፣ ቀስ፣ አሁንም ቀስ አድርጋ አዞረችው፤ ቀጭ አለ። አውጥታ አየችው። ቅርፊቱ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወጥቷል፤ ውስጡ አልተነካም።

«ቢስሚላህ» አለችና ሌላዋን አስገባች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መብራት በጠፋ ቁጥር ዓቢዳ እርጎዋን ሸጣ ወደ መልካሙ ቤት ትመጣለች። እሱ ዘሩን ያቀብላል፣ እሷ በሞርሳው ታስነክሳለች። መብራት ሲመጣ ደግሞ ሞርሳውን ለባለቤቱ ለቅቃ ትሄዳለች። በር ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ፣ «ምን እየሠራችሁ ነው?» ሲል፣ መልካሙ ኮስተር ብሎ፣ «ወፎች ነን፤ አትረብሸን» ይለዋል።

ዘሩ ውሃ ውስጥ አድሮ፣ ውሎ ተዘራ። ዓቢዳ ከቤቷ ጀርባ የዳስ ጥላ ሠርታ ከረጢቶቹን ደረደረችበት። ሳምንት በሳምንት ላይ ተደራረበ፤ ምንም የለም። ሲቲ ከወልድያ ለጥየቃ መጥታ እናቷን ዳሱ ሥር አጎንብሳ ስታገኛት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እማዬ፣ ሰው ምን እንደሚልሽ ታውቂያለሽ? ብቻሽን ከርመሽ አእምሮሽ ተነካ ነው የሚሉት። ነይ ወልድያ፣ ከእኔ ጋር ኑሪ።»

«እዚያ ሄጄ ማንን ልጠብቅ?»

«እዚህስ ማንን ትጠብቂያለሽ? አፈር?»

ዓቢዳ ቀና አለች። «አባትሽንም አፈር ነው ያለበሱት፣ ልጄ። ያኔ አትጠብቂ ያለኝ አልነበረም።»

ሲቲ ጫማዋን አውልቃ፣ ባልዲውን አንስታ ወደ ቧንቧው ሄደች።

የበቀለው ዓቢዳ ባላሰበችው ጠዋት ነው። ላሟን አልባ፣ ወተቱን አስቀምጣ፣ እንደ ልማዷ ዳሱ ሥር ገባች። ከአንዱ ከረጢት አፈሩ ስንጥቅ ብሎ፣ አንገቱን የደፋ አንድ ነጭ ነገር ብቅ ብሏል። መጀመሪያ አረም መሰላት። ተንበርክካ በትንፋሿ አቧራውን እፍ አለችው። ያቺው የሰነጠቀቻት ቅርፊት አናቱ ላይ እንደ ቆብ ተሰክታ ቀርታለች። ዓቢዳ እልልም አላለች፣ ጎረቤትም አልጠራች። እንባዋ በአፍንጫዋ እየወረደ፣ ጣቷን ቀስራ ሰደበችው።

«አንተ ግትር! አንተ ጨካኝ! ይኼን ያህል ታስለምነኛለህ?»

ከዚያ ሌላው ተከተለ፤ ከዚያ ሌላው። ግማሹ አልወጣም፣ ከወጣውም አንዳንዱ ጠወለገ፤ ግን ዳሱ ሥር አረንጓዴ ታየ። ወሬው ሲሰማ ሐጂ ሙሐመድዘይን ራሳቸው ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ዳሱ ሥር ጎንበስ ብለው አንዱን ቅጠል በጣታቸው ገለበጡ፤ ጀርባው ብርማ ነው፤ የወይራ ቅጠል።

«ሱብሓነላህ። በቀለ» አሉ።

«በቀለ።»

«ግን ይኼ ጥላ እስኪሆን እኔም የለሁ፣ አንቺም የለሽ።»

«ሐጂ፣ መቃብር ላይ የሚተከል ዛፍ መቼም ለሚቸኩል ሰው አይተከልም» አለቻቸው።

ሐጂ ፈገግ ሊሉ አሉና ተዉት። ወጡ፤ ሐሳባቸውን መቀየራቸውን ግን አልተናገሩም።

ወይራ ከበቀለ በኋላም አይቸኩልም። ለተከላ እስኪደርስ ዓመት አልፎ ሌላ ተጨመረበት። በዚያ መሀል አንድ ሰሞን ከከተማው ዳርቻ ተኩስ ተሰማ። አስፋልቱ ጭር አለ፣ ሱቆች ተዘጉ፣ ሰዉ እቃውን ሸክፎ ወደ ዘመድ ቤት ሸሸ። ሲቲ ስልክ ደወለች፤ «ባጃጅም ሆነ አምቡላንስ፣ ያገኘሽውን ተሳፍረሽ ነይ» ብላ ጮኸች።

«ባለፈው ጥዬ ሄጄ ተመልሼ ምን እንዳገኘሁ አይተሻል» አለቻት እናቷ። «ዘንድሮ አልሄድም።»

«ለችግኝ ብለሽ ልትሞቺ ነው?»

«ለችግኝ አይደለም። ሰው ሁሉ ከቤቱ ከሄደ፣ የመጣው ሁሉ ቤቱን የሱ ያደርገዋል። አንድ ሰው ይቅር። እኔ ልቅር።»

ቀረች። ተኩሱ ሲበረታ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች፤ ጋብ ሲል ደግሞ ወጥታ ችግኞቿን አጠጣች። ዳሱ ሥር ስትንቀሳቀስ ያያት አንድ ታጣቂ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ፣ «እናት፣ ምን ደብቀሽ ነው?» ሲላት፣ የውሃ ጣሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «ና፣ ግባና እየው። ግን በጫማህ እንዳትረግጥብኝ» አለችው። ገብቶ አየ፤ ግራ ተጋብቶ ወጣ። ደግነቱ በዚያ ሰሞን ጥይቱ ከተማው ውስጥ ሳይገባ አለፈ።

የተከላው ክረምት ሲደርስ ኮሚቴው ባሕር ዛፉን በጋሪ ጭኖ ወደ ኮረብታው አወጣው። የዓርብ ሶላት ተሰግዶ ሲያበቃ ወንዶች ሁሉ አካፋና ዶማ ይዘው ወጡ። ዓቢዳ ይህን አስቀድማ ሰምታ ነበር። መልካሙ የብረት መግፊያ ጋሪውን አውሷት፣ ችግኞቿን ደርድራበት፣ ራሷን በሰፊ ነጠላ ተሸፍና አቀበቱን ተያያዘችው። መልካሙ ከኋላ ሊገፋላት ቢጠጋ፣ «እስከ በሩ ብቻ። ከዚያ በኋላ የኔ ጣጣ ነው» አለችው።

በሩ ላይ ወንዶቹ ዶማቸውን እንደያዙ ቆሙ። ሐጂ ሙሐመድዘይን እጃቸውን ዘርግተው ወደ እሷ መጡ።

«ዓቢዳ! ምን ልትሆኚ ነው? ችግኙን እዚሁ አስቀምጪው፤ እኛ እንተክለዋለን። ሴት መቃብር አትገባም።»

ዓቢዳ ጋሪውን አቆመች። ላቧ በጉንጯ ይወርዳል። «ሐጂ፣ እኔ የሞትኩ ዕለት በየት በኩል ሊያስገቡኝ ነው?»

ሐጂ የዘረጉትን እጃቸውን ወደ ታች አወረዱ።

«በዚሁ በር አይደለም? እንግዲያው ሞቼ የምገባበትን በሕይወቴ ብገባበት ምን ይላሉ? ለቅሶ ልጮህ አልመጣሁም፤ ፊቴን ልነጭ አልመጣሁም። በየት ስንጥቅ እንደወጣ፣ ሥሩ የቱ ጋ እንደሚሰበር የማውቀው እኔ ነኝ። ሳልተክለው አልመለስም።»

ከወንዶቹ መሀል ጉርምርምታ ተነሳ። አንዱ፣ «ልማድ ልማድ ነው» አለ። ሌላው፣ «ተዋት በቃ» አለ። ሁሉም ወደ ሼኽ ኢስሐቅ ዘወር አሉ። ሼኹ የመስጊዱ ኢማም ናቸው፤ ዕድሜያቸው ገፍቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓቢዳ ግን የእሳቸውን መልስ አልጠበቀችም። ጋሪውን ገፍታ በሩን አለፈች። ሼኽ ኢስሐቅ እስክታልፍ በዓይናቸው ሸኟትና ወንዶቹን፣ «ምን ታዩኛላችሁ?» አሏቸው። «ቀብር መሸኘት ሌላ፣ ችግኝ መትከል ሌላ። ይልቅ ጉድጓድ ቆፍሩላት።»

ዓቢዳ ከውስጥ ስትደርስ ድፍረቷ ሁሉ ተነነ። በሕይወቷ እዚህ ቆማ አታውቅም። ከደጇ ሆና ስታየው አንድ ዛፍ፣ አንድ ቦታ ነበር፤ አሁን በዙሪያዋ ድንጋይ ብቻ ነው። ሐጂ ከኋላዋ መጡ። ድምፃቸው ተለውጧል።

«ነይ» አሏት። በከዘራቸው እየጠቆሙ፣ እየቆሙ፣ እየተጠራጠሩ መሯት። አንድ ጎድጎድ ያለ ሥፍራ ሲደርሱ ቆሙ። የትልቁን ወይራ ጉቶ ሳይቀር ለከሰል ነቅለውት፣ ጉድጓዱን ጎርፍ በአፈር ሞልቶታል። አፈሩ ጥቁር ነው።

«ጉቶው ይኼ ነበር» አሉ ሐጂ። «ምሥራቁ ደግሞ ያ ነው። እንግዲህ…» ከዘራቸውን አንድ ቦታ ላይ ተከሉት። «እዚህ ግድም ነው፣ ዓቢዳ። ከዚህ በላይ ልምልልሽ አልችልም።»

«ይበቃኛል» አለች።

ከችግኞቿ መሀል ረጅሙን ሳይሆን ግንዱ ወፍራሙን መረጠች። ከረጢቱን በጥንቃቄ ቀደደች፣ ሥሩን ከነአፈሩ አቅፋ ጉድጓዱ ውስጥ አወረደች፣ አፈሩን በጣቷ ጠቀጠቀች። ሐጂ አጠገቧ ቁጢጥ ብለው መዳፋቸውን ዘርግተው ለወንድማቸው ፋቲሓ አነበቡ። ከዚያ ሌሎቹን ችግኞች ወንዶቹ እየቆፈሩ፣ እሷ እያስቀመጠች በየጥጉ ተከሉ። ባሕር ዛፉ ሙሉ በሙሉ አልቀረም፤ ሐጂ ሐሳባቸውን የሚጥሉ ሰው አይደሉምና ከታች፣ ከመንገዱ ወገን አስተከሉት። ዓቢዳ ወርዳ፣ «ውሃውን ይጠጣብኛል» ብላ ተጨቃጨቀች። እሳቸውም፣ «አጥር የለ፣ ምን የለ!» ብለው ተጨቃጨቁ። ዛሬም አልተስማሙም።

በጋው ሲመጣ ከወይራዎቹ ጥቂቱን ምስጥ በላው፣ ጥቂቱ ደረቀ። ዓቢዳ ውሃ በጀሪካን ተሸክማ ኮረብታውን ትወጣለች፤ በሩ ላይ የሚያስቆማት የለም። የደረቀውን እየነቀለች ከዳሷ ሌላ ትተካለች። መልካሙም ለደብሩ ቅጥር የሚሆን ችግኝ ወስዶ፣ «እኔም የወፍ ድርሻ አለኝ» አለ።

ከዚያ አንድ ማለዳ ዓቢዳ ኮረብታው ላይ ስትደርስ አንዲት ነጭ ፍየል ወይራ ላይ አፏን ተክላ አገኘች። ሁለት ችግኞችን እስከ ግንዱ ግጣለች። ዓቢዳ ፍየሏን አወቀቻት፤ የሐጂ ሙሐመድዘይን ናት። በቀንዷ ይዛ፣ እየጎተተች፣ በዋናው መንገድ፣ በገበያተኛው መሀል፣ በባጃጆቹ ጥሩምባ መሀል አቋርጣ ሐጂ ደጅ ድረስ ወሰደቻት። በሩ ላይ አሰረቻትና አጠገቧ ቁጭ አለች።

ሐጂ መደብራቸውን ሊከፍቱ ሲወጡ ፍየላቸውንና የወንድማቸውን ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኟቸው።

«ምን ሆነሻል?»

«እሷ ቁርሷን በልታለች። እኔ ግን አልበላሁም፤ አጥር እስኪታጠር ከዚህ አልነሳም።»

ሐጂ ፍየሏን አዩ፣ ዓቢዳን አዩ፣ ደጃቸው ላይ መሰብሰብ የጀመረውን ሰው አዩ። ብዙ ተናገሩ፤ ዓቢዳ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ሲታክታቸው መደብሩን ዘግተው ወደ ጓሮ ዞሩና ገጀራ ይዘው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ የግራር እሾህ በገመድ እየጎተቱ ኮረብታውን ሲወጡ ታዩ። የተቆረጠውን እሾህ በወይራዎቹ ዙሪያ እያዞሩ ሲደረድሩ እጃቸው በብዙ ቦታ ተቧጥሮ ደማ። ዓቢዳ ከአጠገባቸው ቆማ አየቻቸው። ጎንበስ ብላ በአንዱ ችግኝ ዙሪያ የተጠማዘዘውን እሾህ መረመረችና በጣቷ ጠቆመች።

«ከታች በኩል ክፍት ነው፣ ሐጂ። ግልገል ያሳልፋል።»

ሐጂ ሙሐመድዘይን ተነፈሱ፣ ገጀራቸውን አነሱ፣ ሌላ እሾህ ሊቆርጡ ወረዱ።